ሁለት በር የተገዛለት ክፍል

ወዳጄ አንባቢ፣ ሰው መንገድ ላይ ዘመዱን ያገኛል፤ ጋሼ ፍሬን ግን የገዛ በራቸውን መንትያ አገኙ።

ጋሼ ፍሬን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር "ቆይ እስቲ!" ስለሚሉ ይህን ስም ያወጣላቸው ቤተሰቡ ነው። በጋሪ በር አስጭነው እህታቸው ግቢ ሲደርሱ፣ የእህታቸው ልጅ፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያዋ፣ ከመኪና ላይ ሌላ በር ታስወርዳለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የእማዬ ክፍል በር ነዋ!"

"እሱንማ እኔ ገዛሁት! ለወንድምሽ በስልክ ነግሬዋለሁ፤ ይነግርሻል ብዬ።"

ሁለቱንም ሳቅ አፈናቸው። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እናትየው ጉልበታቸው ለደረጃ እምቢ ካለ ወዲህ ፎቅ ላይ ታስረው ከርመዋል። ግቢው ውስጥ የተጀመረላቸው ክፍል ዝናቡ ሳይገባ ካላለቀ፣ ክረምቱንም እዚያው ሊቀመጡ ነው።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ በኢሜይል እንሥራው" አለች።

"ኢሜይል የመሥሪያ ቤት ነው! ዘመድ ከዘመዱ ደብዳቤ ሊጻጻፍ? ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ ልጄ።"

"ልክ ነዎት። ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ጨዋታውን በስልክ እንጫወት፤ ውሳኔው ግን አንድ ቦታ ይዋል። 'የእማዬ ክፍል' ብለን ለሁላችንም አንድ መልእክት እንልካለን። እያንዳንዱ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደሚያደርስ እዚያው ሥር ይመልሳል። አናጢው የለካው ልክም፣ የበሩ ፎቶም አብሮ ይቀመጣል።"

"ዝም ያለውስ?"

"ዝም ማለቱ ለሁሉም ይታያላ!"

ይህቺ ነገር ጋሼን ያዘቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን "አልሰማሁም" በሚል ሰው ሲቃጠሉ የኖሩ ናቸው።

"በይ ጻፊ። በር፣ ተገዝቷል፤ እንዲያውም ተርፏል። መስኮት፣ ወንድምሽ። ጣሪያ..." ቆም አሉ። "ጣሪያው የማን ነበር?"

"የእርስዎ መስሎኝ።"

መልእክቱን ላከችው። ሌላ ከተማ የሚሠራው ወንድሟ ወዲያው መለሰ፦ "እኔ እኮ ጋሼ ያዘዙት መስሎኝ!" ታላቅ እህቷም ተከተለች፦ "እኔ ደግሞ ወንድሜ።"

ጋሼ ክው አሉ። ሦስት ሰው በቃል የተማመነበት ጣሪያ በማንም እጅ አልነበረም! ከዚያ እንደ ጎረምሳ ዘለው ተነሡ።

"ጻፊ! ጣሪያውን እኔ ይዣለሁ! ዛሬውኑ! ምን ታዪኛለሽ፣ ላኪው እንጂ!"

"ጋሼ፣ ፍሬን በጠሱ እንዴ?"

"በጠስኩ!"

ትርፉ በር ተመለሰ፤ ቆርቆሮው መጣ፤ ክፍሉ ከዝናቡ በፊት ተከደነ። ልብ በል አንባቢ፤ ቤተሰቡ ፍቅር አጥቶ አያውቅም፤ ያጣው ሥራው ተጽፎ ለሁሉም የሚታይበት አንድ ቦታ ነበር። ያ ሲገኝ ድካም ተቀነሰ፣ ጭቅጭቅ ቀረ፣ ሩቅ ያለውም ቅርብ ሆነ።

ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ጋሼ ፍሬን መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ በገዛ እጃቸው ለሁሉም ጻፉ፦

"እህቴ ዛሬ ማንም ሳይደግፋት ወጥታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሞቀች።"