በምርቃት የተከፈተው መስመር

የማትሪክ ውጤት በወጣ ቀን ዲላ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። ዝናብ ሲጥል የኢንተርኔቱ ፍጥነት ይወርዳል፤ ያን ቀን ጭራሽ ቆመ። ሁሉም ማውሱን ደጋግሞ ይጫናል። ኔትወርክ ሥራዬ ነውና፣ "በተጫናችሁ ቁጥር አዲስ ጥያቄ እየላካችሁ ነው። መስመሩ ጠቧል፣ አታጨናንቁት፤ ትንሽ ተዉት" ብዬ ለመንኩ። ማን ሰምቶኝ።

"አንተ ምን አለብህ፣ ተፈታኝ አይደለህም" አለችኝ አጠገቤ ያለች ልጅ።

ይሄኔ የልጃቸውን ውጤት ሊሰሙ ከደጋው ከቡሌ የወረዱ ሽማግሌ ብድግ አሉ። "ልጆቼ፣ ተጨንቃችኋል፤ ልመርቃችሁ።" ሽማግሌ እየመረቀ መቼም ማውስ የሚነካ የለም፤ ሁሉም እጁን ዘረጋ። እሳቸው ደግሞ ማሳጠር አያውቁም። ለዝናቡ፣ ለቡናው፣ ለእንሰቱ፣ ለቡሌ መንገድ ሳይቀር መረቁ። እኛም አሜን አልን። ገና ሳይጨርሱ ጥግ ላይ አንድ ገጽ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የጎኑ፤ ከዚያ የሳቸው ልጅ። አልፋለች።

"አባባ፣ የጠቀመን እጃችንን ከማውሱ ማንሳታችን ነው" ልል ስል ያቺው ልጅ ቀደመችኝ።

"አባባ፣ የወንድሜ አልተከፈተም፤ እባክዎ ይድገሙልን።"

ከሁሉም ቀድሜ እጄን የዘረጋሁት እኔ ነበርኩ።