በግማሽ የተሰማ ጨዋታ

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ በሰፈሩ የሚታወቁት «ጋሽ መቀስ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣላቸው ግን በጨርቅ አቆራረጣቸው ብቻ አይደለም፤ ሰው የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ ቆርጠው የቀረውን ራሳቸው ስለሚጨርሱለትም ጭምር ነው። ደንበኛ «ይቺ ሱሪ ወገቧ...» ሲል «ጠበበችህ፤ ወፍረሃል፤ ማክሰኞ ና» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግምታቸው ልክ ስለሚሆን የሚቀየማቸው የለም። ችግሩ፣ ልክ መሆንን ከመልመዳቸው የተነሣ፣ የተሳሳቱ ዕለት ይህንኑ አምኖ መቀበል ሞታቸው ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደማቸው ፈልቶ ነበር። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ታብሌቷን ወስደው፣ ትልልቆቹን መቀሶች ከሚያስቀምጡበት መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። የሰባት ዓመቷ ልጅ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። እንደ ልማዷ ከትልቁ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ገባችና ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ አለች። ጠረጴዛው ሥር ቤቷ ነው። ደንበኛ በሩን ሲከፍት ትገባለች፣ ደንበኛ ሲወጣ ትወጣለች። ከእናቷና ከአያቷ በቀር ከሰው ጋር ስታወራ ያያት የለም። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ታወጣለች እንጂ «አቤት» አትልም። እናቷ ነርስ ናት፤ የልጅቷ ነገር እንቅልፍ ስለነሣት ነበር ቤተ መጻሕፍቱ የከፈተው የጨዋታ ክበብ ውስጥ ያስመዘገበቻት። ነገር ግን ከሰዓት ከሰዓት ልጅቷን የሚጠብቁት አያት በመሆናቸው፣ «አባዬ፣ ካልወደዱት ይቅር» ብላ ውሳኔውን ለእሳቸው ትታለች። ጋሽ መቀስም ወስነዋል።

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ካፖርቷን በክንዷ ይዛ ገባች።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ይቺ ዚፕ...»

«ጥርሷ ረግፏል። ትቀየራለች። ተቀመጪ፣ አሁኑኑ እጨርስልሻለሁ።»

ወጣቷ ፈገግ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው አሮጌውን ዚፕ እየተረተሩ ለብቻቸው ይነጫነጩ ጀመር። ከጎናቸው፣ ሜትራቸውን ከሚሰቅሉበት ምስማር ላይ፣ የልጅ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል።

«ትንሽ ልጅ አለችዎ መሰለኝ» አለች ወጣቷ ማዳመጫውን እያየች።

«የልጅ ልጅ ነበረችኝ፤ ጌም በላብኝ! ዘንድሮ ያላየነው የለም። ይኸውልሽ፣ ይህቺ ልጅ ከሰው አትነጋገርም። ከሰው አትነጋገርም ስንል ደግሞ ከማሽን ጋር ትነጋገር ጀመር። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቁጭ ብላ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ይቅርታ፣ ግድግዳህን ሳልጠይቅህ ነካሁብህ!› ለማን ነው? ለግድግዳ ይቅርታ ይጠየቃል? ቀጥላ ደግሞ ‹አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንገረን፣ እንጠብቅሃለን› አለች። ማንን ነው የምትጠብቀው? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን! ፀጉሬ ነው የቆመው። ዛሬ ቆልፌበታለሁ፤ በቃ።»

የወጣቷ ፊት ተለዋወጠ። ያቺን «እንጠብቅሃለን» የምትለዋን ቃል በደንብ ታውቃታለች።

«አባባ፣ ልጅቷ ከማሽን ጋር አልነበረም የምታወራው። በዚያኛው ጫፍ አምስት ልጆች አሉ።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። «የምን አምስት ልጆች?»

«በየቤታቸው ሆነው አብረዋት የሚጫወቱ፣ የእሷ እኩያ ልጆች። እኔም አለሁበት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የልጆች ክፍል መምህርት ነኝ፤ ክበቡን የምመራው እኔ ነኝ።»

ጋሽ መቀስ ካፖርቱን አዩ፣ ወጣቷን አዩ፣ እንደገና ካፖርቱን አዩ። «እንግዲህ ጉድ ፈላ! አሁን ዚፕሽን ልቀይር ወይስ ልጣላሽ?»

«ዚፑን ይጨርሱና ይጣሉኝ፤ ውጭው ብርድ ነው» አለች መምህርቷ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌው ነገሩን ሳይነገራቸው ቀርቶ አልነበረም። ልጃቸው «አባዬ፣ ልጆቹ በኢንተርኔት ተገናኝተው...» ብላ ስትጀምር «ገባኝ፣ ጌም ነው፤ አትድከሚ» ብለው ቆርጠዋታል። ገና በመጀመሪያው ቀን የታብሌቱ ጫጫታ ልክ ሲለኩ ቁጥር ስላምታታባቸው፣ የጆሮ ማዳመጫ ካልተገዛላት ብለው ያስገዙትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ የሚሰሙት የልጅቷን ድምፅ ብቻ ሆነ። ጨዋታን በግማሽ የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ግማሹን ይዞ ሙሉውን ሰምቻለሁ ሲል ነው።

ጋሽ መቀስ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። አዲሱን ዚፕ በመርፌ ቁልፍ እያያዙ ተሟገቱ።

«ይሁን፣ ልጆች አሉ እንበል። ታዲያ ለምን ውጭ ወጥተው አይጫወቱም? እኛ ኳስ ስናሯሩጥ ነው ሰው የሆንነው። ያኔ የት ነበር ታብሌት?»

«ውጭ መጫወትን የሚያህል ነገርማ የለም፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ግን አባባ፣ የእርስዎ ልጅ ሜዳ ላይ ስትወጣ ምን ታደርጋለች?»

ሽማግሌው ከትምህርት ቤት ሊያመጧት ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚያዩት አንድ ነገር ነው። «አጥሩን ተጠግታ ትቆማለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ።»

«ይኸውልዎ። ሠላሳ ልጅ በሚጯጯኽበት ሜዳ መሐል ገብቶ ‹አጫውቱኝ› ማለት ለአንዳንድ ልጅ ተራራ ነው። ሁሉም ፊቷን ያያታል፤ ተሳስታ ብትናገር ይስቁባታል ብላ ትፈራለች። እኛ ጋ ግን ስድስት ልጆች ብቻ ናቸው። ፊቷን የሚያያት የለም፤ የሚሰማው ድምፅዋ ነው። የሚያወሩት ደግሞ ስለ እሷ አይደለም፤ አብረው ስለሚሠሩት ቤት ነው። ልጅ ሥራ ላይ እያለ ማፈሩን ይረሳል።»

«ይህ ግን ሰው ፊት መናገር አይደለም!»

«አይደለም፤ መጀመሪያው ነው። አባባ፣ እርስዎ ብዙ ሠራተኛ አሠልጥነዋል መቼም። አዲስ ለመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሙሽራ ቀሚስ ይሰጡታል?»

«አብጃለሁ እንዴ? ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው የምሰጠው! እሱ ላይ ያበላሽ፣ ይተርትር፣ እንደገና ይስፋ።»

«የእኛም ጨዋታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ይቅርታ መጠየቅን፣ ተራ መጠበቅን፣ ‹እባክህ አቀብለኝ› ማለትን እሱ ላይ እያበላሹ ይለማመዳሉ።»

ይህቺ ነገር ሽማግሌውን ጎሸም አደረገቻቸው። ቢሆንም መልሰው ተነሡ። «ዓይኗስ? ደግሞ በኢንተርኔት የማይመጣ ሰው የለም ይባላል። ማን እንደሆነ የማናውቀው ጎረምሳ ቢገባስ?»

«ሁሉም ጌም ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ከሰባት ዓመት ልጅ እጅ እኔው ራሴ የምነጥቀው ጌም ሞልቷል። የእኛ ግን ዝግ ነው፤ ከተመዘገቡት ስድስት ልጆች ሌላ ማንም አይገባም፤ ወላጆቻቸውን ሁሉ በአካል አውቃቸዋለሁ። ከእኛ ከመምህራኑ አንዳችን ሁልጊዜ አብረናቸው አለን። በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ለአርባ አምስት ደቂቃ።»

«አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዓይን ተተክሎ? እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ መርፌ ይዤ በየሃያ ደቂቃው ቀና ብዬ መንገዱን አያለሁ።»

መምህርቷ አሰበች። «እውነትዎን ነው። መሐል ላይ ተነሥተው በመስኮት የሚያዩበት ዕረፍት የለንም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ይኖረናል።»

ጋሽ መቀስ ይህን አልጠበቁም ነበር። ከሚያደምጥ ሰው ጋር መጣላት ደግሞ አይመችም። ቁጣቸው በረድ አለና «ለመሆኑ ጨዋታው ምንድን ነው?» አሉ፤ ለመሟገት ሳይሆን መልሱን ለመስማት ብለው ያቀረቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

«ስድስቱ አንድ መንደር ይሠራሉ። አንዱ ድንጋይ አለው፣ አንዷ እንጨት፣ ሌላው ውሃ። ብቻውን ቤት ሊያቆም የሚችል የለም። እንጨት የፈለገ ባለ እንጨቷን ጠርቶ ይለምናል። ሌላው የሠራውን ሳይጠይቁ መንካት ክልክል ነው፤ የነካ ይቅርታ ይጠይቃል። የሚናገርን ልጅ ደግሞ ማንም አያቋርጥም።»

ሽማግሌው መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ እንጂ። እኔ ስድስት ሠራተኛ በነበረኝ ጊዜ አንድ ኮት ነበር በሁሉ እጅ የሚያልፈው። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ገበር ያያይዛል፣ አንዱ እጅጌ ይሰፋል። ‹የባልደረባህን ስፌት ሳትጠይቅ እንዳትነካ!› ብዬ በትልቁ ግድግዳው ላይ ጽፌ ነበር። ይህ የእኔ ሕግ ነው!»

«እንግዲያው ዳኛውም እርስዎ ይሁኑ። ዛሬ ተረኛዋ ባልደረባዬ ናት፤ አሁን ሊጀምሩ ነው። ከፍተው ይስሟቸው። ካልወደዱት ይቆልፉት፤ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም።»

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ፤ ቁልፉን አወጡ። መሳቢያው ሲንቋቋ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ አለች። ታብሌቱን ሰጧት። ማዳመጫውን ግን ከምስማሩ ላይ አላወረዱትም።

ወዲያው ጠባቧ ሱቅ በልጆች ድምፅ ተሞላች። «ድንቢጥ መጣች! ድንቢጥ፣ እንጨት አለሽ?» ድንቢጥ የልጅቷ የክበብ ስም ነው። «አለኝ! ስንት ትፈልጊያለሽ?» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ጋሽ መቀስ ለሌላ ሰው እንዲህ ብላ ስትመልስ ሰምተው አያውቁም ነበር። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን አቆሙ።

ከዚያ የአንድ ወንድ ልጅ ድምፅ መጣ፤ የክበብ ስሙ ግንበኛው ነው። «ድ... ድ... ድንቢጥ፣ ድ... ድ...» ልጁ ይንተባተባል። ሽማግሌው ከልማዳቸው የተነሣ ቃሉን ሊጨርሱለት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከልጆቹ አንዳቸውም አልጨረሱለትም። አልሳቁም፣ አልተጣደፉም። «አይዞህ ግንበኛው፣ ቀስ ብለህ ንገረን፤ እንጠብቅሃለን» አለች የልጅ ልጃቸው። «ድ... ድልድይ እንሥራ» አለ ልጁ በመጨረሻ፤ አምስቱም በደስታ ጮኹ።

ጋሽ መቀስ ከወለሉ ሲነሡ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር። አልደበቁትም። «እኔ እኮ ከአየር ጋር ታወራለች ብዬ ነው» አሉ። «ልጄ፣ ዛሬ አንቺ ባትመጪ ኖሮ ይህቺን ልጅ በገዛ እጄ አፏን ልዘጋት ነበር።» ዚፑን ሰፍተው ሲጨርሱላት መምህርቷ ካፖርቷን ለበሰች። ዚፑ ያለ ሙግት ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ጋሽ መቀስ ዋነኛው የክበቡ ተሟጋች ሆኑ። እሳቸው የያዙትን ነገር ደግሞ ሰፈሩ ሳይወድ በግዱ ይሰማዋል። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ለወሬ ጎራ ባለ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ልጅ በጌም ጨዋ ሲሆን አይቼ አላውቅም» ብሎ ነገር ጫረባቸው።

«አንተ የምታውቀው ጎረምሶቹ የሚተኳኮሱበትን ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ልጅ ከሕፃንነቱ ለምኖ መቀበልን ካልለመደ፣ ሲያድግ ወይ ይነጥቃል ወይ ይቀርበታል። አጥፍቶ ይቅርታ ማለትን ካልለመደ በየሄደበት ይጣላል። ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ካልቻለ መቼም ትክክለኛውን ነገር አያውቅም። የኔዋ ትናንት ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ‹አቤት› ብላለች፤ አስተማሪዋ ደብተሩን ጥላ ነው ያቀፈቻት። ግን ታብሌቱን ሰጥቶ መሄድ አይበቃም፤ ትልቅ ሰው አብሮ ይኑር፣ ሰዓቱ ይወሰን፣ እኛም እንስማቸው። ልጅህን አስመዝግበው፤ ያ...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አንዲት እናት ወንድ ልጇን ይዛ ገባች። የልጅ ልጃቸው እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ሥር ገባች። «አቤት» ማለት ጀምራለች እንጂ ደንበኛ ፊት መቆሙ ገና አልሆነላትም ነበር። ልጁ የትምህርት ቤት ሱሪ ለብሷል፤ አዲስ ነው፣ ረዝሞታል።

ጋሽ መቀስ ጠመኔና መቀስ ይዘው ጎንበስ አሉ። «የት ጋ ልቁረጥልህ ጎበዜ?»

«እ... እ... እስከ...» አለ ልጁ።

«እስከ ቁርጭምጭሚት! ገባኝ» አሉና መቀሱን ከጨርቁ አስጠጉ።

«አባባ!»

ሁሉም ዞሩ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታለች። ፀጉር አስተካካዩ እያያት ነው፤ እናቲቱ እያየቻት ነው፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች።

«አባባ፣ አይቋረጥም። ተራው ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «አይዞህ ግንበኛው፤ ቀስ ብለህ ንገረን።»

የልጁ ዓይን ፈጠጠ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። «ድ... ድ... ድንቢጥ?» አለ፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞላ።

ጋሽ መቀስ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ። አራቱም ጠበቁ።

«እስከ... ጫ... ጫማዬ ድረስ» አለ ልጁ። «ስለማድግ፣ የ... የቀረውን ወደ ውስጥ እጠፉልኝ። እንዳትቆርጡት።»

ሽማግሌው መቀሱ ሊያርፍበት የነበረውን ቦታ አዩ። አንድ ስንዝር የሚያህል ጨርቅ ነበር የሚሄደው፤ ደግሞም ተመልሶ የማይቀጠል። «ይቅርታ ልጄ፤ ሳልሰማህ ልቆርጥብህ ነበር» አሉት። ከዚያ ልጁን ከጫማው በላይ ለኩት፤ ጠመኔውን የያዘችላቸውም የልጅ ልጃቸው ነበረች።