የካማሺዋ ምላጭ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... የሻው! አንተ ነህ እንዴ? የማን ስልክ ነው?... እሺ። ቆይ፣ ወደ ጓሮ ልውጣ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው።

(መጣሁ እማዬ! አንዴ!)

— እህ፣ አሁን ትሰማኛለህ?... ተመረመርክ? ደግሞ?... ገነተ ማርያም ጤና ጣቢያ ድረስ! ኧረ በማርያም፣ ለዚህ ብለህ ያን ሁሉ መንገድ?... ምን አሉህ ታዲያ?... ነፃ ነህ አሉህ። ተመስገን!... "ግን" ምን?

— ማንኩሽ ከተማ ኤች አይ ቪ የለብህም ሲሉህ፣ መመርመሪያው ጊዜው አልፎበታል አልክ። እዚሁ አሶሳ አብረን ሄደን ሁለታችንም ነፃ ስንባል፣ "ነርሷ ደሜን ከሌላ ሰው ደም ጋር ቀያይራው ይሆናል" አልክ። ካማሺ ሌላ ሰው በተላጨባት በአንዲት ምላጭ ተላጭተህ ነው ይሄ ሁሉ!... ከሳሁ ነው የምትለው? እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊወፍር ኖሯል?

— አልተቆጣሁም። አዘንኩ እንጂ... ጎረቤታችንን ሳሊማን ታውቃት የለ? ቫይረሱ በደሟ አለ። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ አግብታ ጤነኛ ልጅ ወልዳለች። አንተ የሌለብህ ሰውዬ እጄን መጨበጥ ፈራህ። ቢኖርብህም አገባህ ነበር እኮ! ስንቴ ነገርኩህ?... አዎ፣ "ነበር" ነው ያልኩት።

— ስማኝ የሻው። ሳሎን ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው... የእህል ነጋዴው ሰራዊት ለእኔ የላካቸው... ለምን አሾፍብሃለሁ? እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አባዬ ደግሞ ልጄን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም ብሎ እኔን እየጠበቀ ነው።

(ሰማሁ እማዬ! ሽማግሌ አይቆምም፣ አውቃለሁ!)

— አንድ ነገር በለኝ። "ሽማግሌ እልካለሁ" በለኝና አሁኑኑ ገብቼ አይሆንም እላቸዋለሁ። አባዬ ይቆጣ፣ ግድ የለኝም... በል እንጂ፣ ፍጠን!

— ምን?... አንዴ ብቻ?... የት?... አዲስ አበባ። እዚያ ተመርምረህ ስትመለስ...

— አይ የሻው... አይ አንተ!... አላለቅስም። ጉንፋን ነው... በጣም ነበር የምወድህ፤ ይቆጨኛል፣ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ግን ሌላ ምላጭ አታጣም አንተ... በቃ። እንቅልፍህን ተኛ፣ እህል ቅመስ። ደህና ሁን።

(እማዬ!... እማዬ፣ ሽማግሌዎቹን ይቀመጡ በያቸው።)