ፍልጥ ያልኳት ቤዝ

ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ገና ነው፤ እሱ ላይ ስደርስ ግን አልስቅም። እኔ አክስታችሁ በዚህ ዕድሜዬ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የጸሎት ቤታችንን ቤዝ እየተዋስኩ ነው የተማርኩት። አንገቱ ግን ረዥም ነው፣ ግራ እጄን ደግሞ ቁርጥማት ይዞኛል፤ ጣቴ አልደርስ እያለ ስንቴ አስለቀሰኝ። አንድ ቀን እዚህ በስደት ከተማችን፣ ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ያለ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገብቼ አንዲት ቀይ፣ አንገቷ አጭር ቤዝ ጭኔ ላይ ባስቀምጥ፣ ጣቶቼ ሁሉ ቦታቸውን አገኙ! ዱም ስትል ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ። ስንቱን ሱቅ ዞሬ ለእጄ የሆነችው እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ እኔ የመርካቶ ልጅ፣ የወደድኩትን ዕቃ ለነጋዴ አስታውቃለሁ? «ይቺማ ፍልጥ ናት! በግማሽ ዋጋም አልወስዳትም!» ብዬ በዚያች በስዋሂሊዬ አጣጣልኳትና መልሼ ሰቀልኳት። ቀስ እያልኩ ወጣሁ፤ ነጋዴ ከኋላ መጥራቱ አይቀርማ! በሩ ጋ ደረስኩ፣ ዝም። ደረጃውን ወረድኩ፣ ዝም። የማታቱ ታክሲ መሳፈሪያው ድረስ ሄጄ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። ማን ይጥራኝ! ኩራቴን ውጬ ብመለስ ማንጠልጠያው ባዶ ነው። «እንደሷ ያለ ሌላ ይመጣል?» አልኩት ሻጩን። አይመጣም ሲል ራሱን ነቀነቀ። እጄን፣ ይቺን የምትደርቅ እጄን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። አሳዘንኩት መሰለኝ እንዲህ አለኝ፦

«ማማ፣ ቅድም ከኋላዎ ቆመው የነበሩት ሽማግሌ እኮ እሳቸውም ፈልገዋት ለእርስዎ ሊተዉልዎ ነበር፤ ‹ፍልጥ ናት ካሉማ እኔ ልውሰዳት› አሉ።»