«ውድ አባቴ» የተባለው ሰው

በ1994 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በርበሬ በረንዳ ካሉት መጋዘኖች በአንደኛው ደጃፍ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው ጆንያ ሰፊው ጋሽ ዘውገ ናቸው። ሁለተኛው ሙናዊር ይባላል፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ጃፋር ልጅ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ችግረኛ ልጆችን ከባሕር ማዶ ደጋፊዎች ጋር በሚያገናኝ ድርጅት ውስጥ ደብዳቤ ይተረጉማል። የመጣው ለእናቱ በርበሬ ሊገዛ ነበር፤ ጋሽ ዘውገን ሲያይ ግን የመጣበትን ረስቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አላህ ነው ያገናኘን።»

«ደህና ነኝ። እለፍ፣ ብናኙ ያስነጥስሃል።»

ጋሽ ዘውገ ቀና አላሉም። ልጁ ለምን እንደቆመ ያውቁታል። የሟች እህታቸውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ፈረንጅ በድርጅቱ በኩል የትምህርቷንና የሕክምናዋን ወጪ ይችልላታል። ልጅቱ በዓመት አንድ ጊዜ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ አሳዳጊዋም ይፈርማል። ዘንድሮ ጋሽ ዘውገ አልፈርምም ብለዋል።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው። ደብዳቤው ካልሄደ ድጋፉን አልፈለገችውም ተብሎ ስሟ ይሰረዛል። ተራ የሚጠብቅ ልጅ ሞልቷል።»

«ይሰረዛ! እሱ ሳይመጣም ጅብ አልበላትም።»

«ምን አስቀየመዎት?»

ጋሽ ዘውገ ወስፌያቸውን ጆንያው ላይ ሰክተው ቀና አሉ።

«ለጎረቤት ስታነብ ሰማኋታ! ‹ውድ አባቴ› ብላ ነው የምትጀምረው። እኔን ጋሼ፣ እሱን አባቴ! ኩፍኝ ሲይዛት ሦስት ቀን ደረቴ ላይ ያስተኛኋት እኔ። በዝናብ አዝያት መሳለሚያ ድረስ ሐኪም ፍለጋ የሮጥኩ እኔ። እሱ ምን አደረገ? ፎቶውን ላከ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በእኛ ቤት ግን ተገለበጠ።»

ያላሉትም ነገር ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከእሳቸው ቀድማ ፎቶውን የምታይ ይመስላቸዋል። ብቻቸውን ሲሆኑ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል፤ ኮቴዋን ሲሰሙ ይመልሱታል። ሽማግሌ ሰው ከወረቀት ጋር መጣላቱ ያሳፍራቸዋል፤ ስሜቱ ግን አልለቃቸውም። ቅናት በርበሬ በነካ እጅ ዐይንን እንደማሸት ነው፤ የሚቃጠለው ባለቤቱ ነው።

«ጋሼ፣ ቃሉ ከእሷ የወጣ አይደለም» አለ ሙናዊር። «ቢሯችን ሰሌዳ ላይ ናሙና አለ፤ ልጆቹ ሁሉ እሱን ነው የሚገለብጡት። ደጋፊዋ ሴት ሆና ሳለች ‹ውድ አባቴ› ብሎ የጻፈም አለ።»

ጋሽ ዘውገ ሳቃቸው መጣ፤ ዋጡት።

«ሰውየውም እርስዎ እንደሚያስቡት ባለጠጋ አይደለም። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ልጅ የለውም።»

«ሾፌር?» አሉ ጋሽ ዘውገ። በልባቸው ትልቅ ቤትና ትልቅ መኪና ሰጥተውት ነበርና ሾፌርነቱ ደስ አላላቸውም። በሾፌር መቅናት ይከብዳል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። ጋሼ በይኝ ያላት ማን ነው?»

ጋሽ ዘውገ ወስፌያቸውን ከጆንያው ነቀሉ። ያቺ ሕፃን የእናቷ ሐዘን ሳይወጣ «አባ» እያለች ስትንጠለጠልባቸው፣ «አባትሽ ማሙሸት ነው፣ ነፍሱን ይማረው፤ እኔ ጋሼ ነኝ» እያሉ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጨዋነታቸውን አመስግኖላቸው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «የሟቹን ስም እንዳልቀማው ብዬ።»

«ደግ አደረጉ። ግን ለሟች ብለው የተዉትን ቃል፣ ሾፌሩ ቀማኝ ማለት ይገባዎታል? እሱ ኩፍኝ የያዛትን ቀን አያውቅም። እርስዎ ደግሞ፣ አይቀየሙኝና፣ መነጽር ሊገዙላት አልቻሉም። ሰሌዳ የማታየው ልጅ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣችው መነጽር ካገኘች ወዲህ ነው። ዘንድሮ ዐይኗ እንደገና መታየት አለበት። የሚቀኑት እርስዎ፣ የምትታወረው እሷ!»

ይህ ነገር ጋሽ ዘውገን ወጋቸው። ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ለመሆኑ ያንን ሰሌዳ ላይ የጻፈው ማን ነው?»

ሙናዊር አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ‹ውድ ወዳጄ› ብቻ ሲሆን ደረቅ መሰለኝና…»

«አንተ! ቤቴን ለኩሰህ ውኃ ይዘህ መጣህ?»

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሰኞ ጠዋት እሰርዘዋለሁ።»

ያን ጊዜ ጋሽ ዘውገ የዋጡት ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ሲያባራ፣ «ለአሳዳጊ የሚሆን ቦታ የለውም ያ ወረቀት?» አሉ።

«ከሥር አራት መስመር አለ። እስካሁን የሞላው ሰው የለም።»

«እንግዲያው ጻፍልኝ። ሹሮ አትወድም። ጠዋት ካልጎተቷት አትነሳም። ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ግን አትናገርም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም በልልኝ።»

«የመጨረሻውንም ልጻፈው?»

«እሱን በተለይ!»

ልጅን የሚያሳድግ ሰው ሌላ እጅ ሲታከልለት ድርሻው አይቀነስበትም። ልጅቱ ትማራለች፤ የአሳዳጊው ሸክም ይቀልላል፤ ረጂውም የሚረዳትን ልጅ ከነቤተሰቧ ያውቃታል። የሚረዱ ድርጅቶችም የሩቁን ብቻ አስመስግነው የቤቱን ሰው ቢረሱ፣ በአንድ እጃቸው የሰጡትን በሌላው ይነሳሉ። ጋሽ ዘውገ የመጀመሪያውን፣ ሙናዊር ሁለተኛውን በዚያች ቀን ተማሩ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዘውገ ከልጅቱ ጋር ወደ ቢሮው ሄደው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ተላከ። ሰብለ ወንጌል በሐምሌ ዐይኗን ታከመች፤ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ገባች።