ግማሽ መርፌ

ደሴ፤ ከኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ብዙ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ ሆርሞን በሚሞከርበት ክሊኒክ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

ደምሰው፦ አንድ ቃል ነው የምለምንሽ፣ የሺ። ሲስተሯ ከጠየቀችሽ፣ "መርፌውን በየቀኑ ይወጋል" በያት።

የሺመቤት፦ ትወጋ የለም እንዴ? ምን ያስለምንሃል?

ደምሰው፦ የሌሎቹ ጡንቻ ሲጠነክር የእኔ ጭን ፈቀቅ አላለም አሉ። "ጋሽ ደምሰው፣ መድኃኒቱን ለማን ነው የሚሰጡት?" አለችኝ። ካወቁ ከጥናቱ ያስወጡኛል።

የሺመቤት፦ ቆይ። ዛሬ ወደዚህ ስንመጣ ዳገቱን ማን ቀድሞ ወጣ?

ደምሰው፦ አንቺ።

የሺመቤት፦ እኔ! አምና ከዳገቱ ሥር ቁጭ ብዬ የማለቅሰው እኔ! ደምሰው፣ ያ ጠዋት ጠዋት የምትወጋኝ "ቫይታሚን" ምንድነው?

ደምሰው፦ ከእኔው መርፌ ግማሽ ግማሽ... ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ?

የሺመቤት፦ ዳቦ ነው እንዴ የሚቆረስ? እኔን ለምን እንዳልተቀበሉኝ ረሳኸው?

ደምሰው፦ ስኳር ስላለብሽ።

የሺመቤት፦ "መርፌው ስኳሯን ያንረዋል" ብለው! ሰሞኑን እንስራ ሙሉ ውኃ ስጠጣ እያየህ ዝም?

ደምሰው፦ ሙቀቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የሺመቤት፦ ደሴ ላይ? ምን ሙቀት አለና!

ደምሰው፦ ምን ላድርግ ታዲያ! በሽታውን ከመንገድ ሥራ ካምፕ ይዤብሽ የመጣሁት እኔ። ጉልበትሽን የበላሁት እኔ። አሁን ጉልበት ሲታደል ለእኔ ብቻ? እንዴት አድርጌ ልቀበለው?

የሺመቤት፦ ልትክሰኝ ነው?

ደምሰው፦ ሌላ መካሻ የለኝማ።

የሺመቤት፦ ልብስ አጠብክልኝ፣ ጣሪያ ቀየርክልኝ፣ ይኸው መርፌም ወጋኸኝ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት አንድ ቃል ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ደሜ።

ደምሰው፦ ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።

የሺመቤት፦ አላውቅም።

ደምሰው፦ ይቅር በይኝ።

የሺመቤት፦ ስለ መርፌው?

ደምሰው፦ ስለ ካምፑ። ስለ መርፌውም። አፈርኩ፣ የሺ፤ ያን ጊዜም ማፈሬ ነው አፌን የዘጋው።

የሺመቤት፦ ሰማሁህ። በል ተነስ፣ ተጠርተሃል። ክንድህን ስጠኝ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው። መጀመሪያ ለሲስተሯ እውነቱን ንገራት፤ ይቅር የምልህ ከዚያ በኋላ ነው።