ሁለት ቁራጭ በረዶ

በአሜሪካዋ የዱሉዝ ከተማ ብርዱ ሲጠና ሽማግሌዎቹ ደጅ መራመድ ስለማይችሉ፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ በገበያ ማዕከሉ ረጅም ኮሪደር ይዞራሉ። ቨርሊን ሃውገንም ለሽርሽር መርከብ እስከተሳፈረበት ቀን ድረስ ከእነሱ አንዱ ነበር። ዛሬ ግን ጀርባውን ለኮሪደሩ ሰጥቶ፣ ስኳር የፈሰሰበት ትልቅ የቀረፋ ዳቦ ይጎርሳል። አጠገቡ በረዶ የሞላበት ለስላሳ አለ።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ?»

የታላቅ ወንድሙ የኦሪን ልጅ ማሪት ናት። የሥነ ምግብ ትምህርቷን የጨረሰችው በቅርቡ ነው፤ ለአባቷ መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ነው ያገኘችው። ኦሪን ኩላሊቶቹ ደክመው ደሙ በማሽን ይታጠባል። ቨርሊን አንድ ኩላሊቱን ሊሰጠው ቃል ገብቶ፣ ጨው ቀንሶ፣ ወራት ተራምዶ ምርመራውን አልፎ ነበር። ከሽርሽሩ ተመልሶ እንደገና ሲለካ ግን ግፊቱም ስኳሩም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሞቹ የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ ሰረዙት።

ቨርሊን ዳቦው ላይ ወረቀት ጣል አደረገ።

«አይሸፍኑት» አለች እየተቀመጠች። «ሽታው ከበሩ ነው የጠራኝ።»

«ሰኞ እጀምራለሁ።»

«የትኛውን ሰኞ? ከመርከቡ ከወረዱ ወዲህ ስንቱ ሰኞ አለፈ።»

«የመሮጫ ማሽን ገዝቻለሁ። ከጀመርኩ አጥብቄ ነው፤ በቀን አንዴ ሾርባ ብቻ፣ ጠዋትና ማታ ሩጫ። ለዚህ ደግሞ ሰው መዘጋጀት አለበት።»

«እስኪዘጋጁ ድረስ ዳቦውን በየቀኑ ይሰናበቱታል ማለት ነው።»

«አታሹፊ፣ አንቺ ልጅ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ፋብሪካ ለፍቼ አንዴ ባርፍ ነውር ነው?»

«ስለ መርከቡ ማንም አልወቀሰዎትም። እዚያ የበሉትን ሰውነትዎ በጥቂት ሳምንት ያራግፈው ነበር። የጎዳን ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው።»

«የለፋሁት ሁሉ ውኃ በላው እኮ። እንደገና ከዜሮ ልጀምር?»

«እግርዎ መራመድ አልረሳም። ከዜሮ ነው እያሉ ትልቅ ጅምር ይጠብቃሉ፤ ትልቁ ሲያስፈራዎት ትንሹንም ይተዉታል። ደግሞ ተርበው ቢሮጡ፣ በሦስተኛው ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ነው የማገኝዎት።»

ሰው ጥፋቱን ሲያገዝፈው የተጸጸተ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራውን የሚያዘገይበት ሰበብ ነው። ቨርሊን ተናዶ ለስላሳውን አንስቶ ጠጣ። በረዶው ተንኳኳ፤ የማሪት ዓይን ብርጭቆው ላይ ቀረ።

«አባዬ ኩላሊቱ ስለማያስወጣው ውኃ ተለክቶ ነው የሚሰጠው» አለች። «ጥማቱ ሲብስበት ሁለት ቁራጭ በረዶ እናጎርሰዋለን። ትናንት ሦስተኛ ለመነኝ። ከለከልኩት።»

ቨርሊን ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ።

«ይወቅሰኛል?»

«ቢወቅስዎት ይቀለኝ ነበር። ‹አታሳቅቂው፣ ሲለፋ የኖረ ሰው ነው› ይለኛል።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ምን ላድርግ?»

«አሁን አንድ ዙር ይራመዱ። ምሳዎን ይብሉ፤ የሳህኑ ግማሽ አትክልት ይሁን፣ ጨውና ጣፋጩ ይቅር። ነገ ሁለት ዙር። ማሽኑን የልብስ መስቀያ ያድርጉት።»

«ሰቅዬበታለሁ» አለ ቨርሊን። ሁለቱም አልሳቁም። ተነስቶ ዳቦውን ጣለና አብሯት ተራመደ፤ ግማሽ ዙር ላይ ትንፋሽ አጠረው፣ ጠበቀችው።

ትንሹ ነገር ሠራ። ከሳምንታት በኋላ ግፊቱ ወረደ፣ ስኳሩ ተስተካከለ፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩን ተወ፣ እንቅልፉም ተመለሰ። ሐኪሞቹ ኩላሊቱን ተቀበሉ። በዚያው ሳምንት ኦሪን በሳንባ ምች ተኛ። «አሁን ደግሞ እሱ እስኪጠነክር እንጠብቅ» አሉ። ቨርሊን ከመርከቡ እንደወረደ መራመዱን ቢቀጥል ኖሮ፣ በፊተኛው ቀጠሮ ሁለቱም ለቀዶ ጥገናው ዝግጁ በሆኑ ነበር። ይህን ለቨርሊን ማንም አልነገረውም፤ ያውቀዋል።

ከኦሪን አልጋ ራስጌ ተቀምጦ በማንኪያ በረዶ አጎረሰው።

«መርከቡ ላይ በረዶ እንደ ልብ ነበር?» አለ ኦሪን፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ነበር።»

«እስቲ አንድ ጨምርልኝ።»

«ሁለቱን ጨርሰሃል፣ ወንድሜ።»

ቨርሊን ማንኪያውን መለሰ። በማግስቱ፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ እንደ ወትሮው ኮሪደሩን እየዞረ ነበር።